መልስ፦ ኦንጊው (የኮሪያው የሸክላ ማሰሮ) ላይ ስለወጣው ነጭ ነገር

ከውጪ የወጣው ነጭ ነገር ሻጋታ ነው ወይስ ተሰንጥቆ ነው ላልሽው፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አይደለም ጨው ነው። ኪምቺ (በጨው የሚቦካ የኮሪያ አትክልት) ስላስቀመጥሽበት ጨዋማው ውሃ በሸክላው ውስጥ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ውጪ ይወጣና ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ ወዲያው ከሟሟ ጨው ነው፣ ጸጉር ጸጉር ካለውና ከሸተተ ግን ሻጋታ ነው።

ስለ ስንጥቁ እርግጠኛ ለመሆን፦
1. ባዶውን በጣትሽ መታ መታ አድርጊው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ከታፈነ ተጠራጠሪ።
2. ውሃ ሞልተሽ አሳድሪው። ላብ ላብ ማለቱ ችግር የለውም፣ በአንድ መስመር ከወረደ ግን ተሰንጥቋል።

የኦንጊ ጭቃ አሸዋ አሸዋ ያለበት ነው፣ ቅቡም ከአመድና ከአፈር ነው የሚሠራው፣ ለዛ ነው አየር የሚያስተላልፈው። የዘመኑ ሥራዎች ግን አንድ አይነት አይደሉም። ለምሳሌ ኮሪያዊው ሸክላ ሠሪ ሊ ካንግ ህዮ የኦንጊን አሠራር ቡንቾንግ ከሚባለው ሌላ የኮሪያ ሸክላ ነጭ ቅብ ጋር ያዋህዳል፣ ቅቡ ሳይደርቅ በእጁ የሳበው መስመር እንዳለ ይታያል፣ እኔ በጣም ነው የምወደው፣ ግን እንዲህ አይነቱ እቃ ሁሉ ለምግብ ተብሎ አይሠራም፣ ስለዚህ ያንቺን የሠራውን ሰው ጠይቂው።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ በሳሙና እንዳታጥቢው። ሸክላው ሳሙናውን ይመጥና በኋላ ኪምቺው ውስጥ ይለቀዋል፣ በዚህ የተበላሸ አይቻለሁ። ለብ ባለ ውሃና በብሩሽ እጠቢው፣ ከዛ አፉን ከፍተሽ በደንብ ይድረቅ።