ሚኒሞ አልይዝ ላለች መኪና፦ የሰሞኑ ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ሸዋ በር። ቪትዝ የምትነዳ እህታችን መኪናዋ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጣት ቆማ ሞተሯ ሲዞር፣ ትንቀጠቀጣለች። ካንዴላ ተቀየረ፣ ለውጥ የለም። መካኒኩ በመጨረሻ «የደሴ ከፍታ ነው» ብሎ ሸኝቷታል።

ይቺ «ከፍታ ነው» የምትባል ነገር ደሜን ታፈላዋለች። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ጉልበት ይቀንሳል፣ ልክ ነው። ግን ያንቺ መኪና ኢንጀክሽን ናት፤ ኮምፒውተሯ አየሩን በሴንሰር ለክቶ ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከፍታ ብቻውን አያንቀጠቅጣትም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ነዳጅ ስትሰጫት መንቀጥቀጡ ይተዋታል? ከተዋት አየር ከሆነ ቦታ እየሰረቀች ነው። ሚኒሞ ላይ የአየር በሩ ሊዘጋ ምንም አይቀረውም፣ ሞተሩ በኃይል ይስባል፣ በተሰነጠቀ ቱቦ ሾልኮ የሚገባው ያልተለካ አየር ብዙ ይሆንበታል። በሩ ሲከፈት ግን ያው ስርቆት ከጠቅላላው አየር ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ኮፈኑን ክፈቺና «ስስስ» የሚል ድምፅ አዳምጪ። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ትልቁን የጎማ ቱቦ እጥፋቱ ውስጥ እዪው፣ ስንጥቁ እዚያ መደበቅ ይወዳል። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ረጭቶ መፈለግ የሚባለውን ዘዴ ግን ማንም እንዳይሞክርብሽ፣ እሳት ነው። ጭስ ወደ ቱቦዎቹ ነፍቶ ስንጥቁን የሚፈልግ ጋራዥ ካገኘሽ እሰየው።

መካኒኩ የቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን ስበት የሚለካ መሣሪያ) ካለው ደግሞ ይህን ንገሪው፦ መጽሐፉ ላይ ለሚኒሞ ያለው ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ስለሚወርድ ደሴ ላይ 8 ገደማ ይቀነሳል፣ ኮምቦልቻ ላይ 6። እዚህ 11 ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መርፌ ጤነኛ ነው። ከፍታ የሚነሳው እንግዲህ እዚህ ጋ ነበር!

ከኮምቦልቻ፣ የአይሱዙ ሾፌር። የናፍጣ መኪናውም አየር እየሰረቀ እንደሆነ ጠይቋል። ወንድሜ፣ አብዛኛው ናፍጣ እንዲህ የሚስብ የአየር በር የለውም። የነዳጅ ፊልትሮህንና ኖዝልህን አሳይ።

«ሚኒሞውን ከፍ ባስደርገውስ?» ይጠፋልሃል። ችግሩ ሳይሆን ምልክቱ።

ከደሴ አንድ አባት። ፍሬን ሲረግጡ ፔዳሉ ይደርቃል፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። በየቀኑ ኮምቦልቻ ይመላለሳሉ።

ጋሼ፣ ይሄ የሚኒሞ ጉዳይ አይደለም። የፍሬኑ ሰርቮ (በሞተሩ ስበት ፔዳሉን የሚያቀልልዎት) ወይም ቱቦው አየር እያስገባ ይመስላል። ሜዳ ላይ ሞተሩን ያጥፉ፣ ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፣ ከዚያ እግርዎን ሳያነሱ ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ካልሰመጠ ሰርቮው አያግዝዎትም። ቢሰምጥም እንኳ የፍሬን ባለሙያ ሳያየው የሐረጎን ቁልቁለት እንዳይወርዱ፣ አደራ። ዛሬ በሚኒባስ ይሂዱ።

«የዘይት ክዳኑን ስከፍት ሞተሩ ይንገራገጫል።» በብዙ የቤንዚን መኪኖች ያለ ነው። ክዳኑን ዝጋው።