ለሠርጌ ልወፍር ብዬ የጀመርኩትን ክኒን ላቁም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 24 ዓመቴ ነው። ከልጅነቴ ቀጭን ነኝ፤ እናቴም እንደዚሁ ናት። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው፣ ኪሎዬ 49 ነበር። ሰው ባገኘኝ ቁጥር «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» ይለኛል። ሠርጌ ሲቃረብ ጓደኛዬ «ያወፍራል፣ እኔም ሞክሬዋለሁ» ብላ ዴክሳሜታሶን ሰጠችኝ። ሁለት ወር በየቀኑ ወሰድኩት። ፊቴ ሞላ፤ «አማረብሽ» ተባልኩ። አሁን ግን ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ዛሬውኑ ላቁመው?

መልስ፦ እህቴ፣ በራስሽ ጊዜ በአንዴ አታቁሚው። ይህን አደራ። ከኩላሊታችን በላይ ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ። ዴክሳሜታሶን የዚህ ሆርሞን ተመሳሳይ ነው፤ በክኒን ለሳምንታት ሲገባ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ይተዋሉ። ክኒኑ ድንገት ሲቋረጥ ቶሎ አይነቁም። ያኔ ግፊት ሊወርድ፣ ሰውም ራሱን ሊስት ይችላል። ነገ ጠዋት ክኒኑን ከነማሸጊያው ይዘሽ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ሂጂ። መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንስልሻል፤ የደም ግፊትሽንና ስኳርሽንም ይለካል። እስከዚያ ካስመለሰሽ ወይም ስትነሺ ከዞረብሽ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ፊትሽን የሞላው ጤና አይደለም። ይህ መድኃኒት ሲበዛ ስብን ፊት፣ ማጅራትና ሆድ ላይ ያከማቻል፤ የጭንና የትከሻ ጡንቻን ግን ያመነምናል። ሰው «አማረብሽ» ሲልሽ ጭንሽ እየሳሳ ነበር። ደረጃው የከበደሽም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ደግነቱ፣ ወራት ቢፈጅም ጡንቻው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

አሁን ወደ ኪሎሽ። 49 ኪሎ ለቁመትሽ ሁለት ጊዜ ሲካፈል (49 ÷ 1.60 ÷ 1.60) 19 ገደማ ይመጣል። ጤናማው ከ18.5 ይጀምራል። ድንገት ከስተሽ ቢሆን ኖሮ ቲቢ፣ ስኳር፣ ታይሮይድ እያልን እንመረምርሽ ነበር። አንቺ ግን እናትሽን ነው የመሰልሽው። አልታመምሽም ነበር።

«ከሳሽ» የሚሉሽ ብዙዎቹ ወደውሽ ነው፤ እኛ ዘንድ ሥጋ የመመቸት፣ ክሳት የችግር ምልክት ሆኖ ኖሯል። ይገባኛል። ግን ያ ሰላምታ ጤነኛዋን ልጅ ክኒን አስውጧታል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። እንደገና ሲሉሽ «ተፈጥሮዬ ነው፣ ደህና ነኝ» በያቸውና ወሬ ቀይሪ።

የሠርግ ቀሚስሽን ገና ካላሰፋሽ ልክሽን ለመለካት አትቸኩዪ፤ ክኒኑ ሲቀንስ ፊትሽና ወገብሽ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። ጓደኛሽም አሁንም የምትወስድ ከሆነ ነገ አብረሽ ይዘሻት ሂጂ።