በምን ገንዘብ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ነው የምኖረው። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። እናቴ አስመራ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አክስቶቼ አሁንም እዚያው ናቸው። በ2011 ድንበሩ ሲከፈት ወንድሜ 40 ኩንታል ጤፍ ጭኖ ድንበር ላይ ወዳለችው ዛላምበሳ ሄደ። በሦስት ቀን ሸጦ ጨረሰ። ግማሹን ግን የሸጠው በኤርትራ ገንዘብ፣ በናቅፋ ነበር። ያ ናቅፋ ዛሬም በላስቲክ ታስሮ መሳቢያ ውስጥ አለ። ሁለቱም አገር ጣሊያንን አይቷል፣ ምግባችን አንድ ነው፣ ተዋልደናል። ታዲያ ንግዳችን ለምን አይበረክትም? አንድ ቀን እንደገና ቢከፈትስ ብሬን ከማውጣቴ በፊት ምን ልይ?
አንባቢዎ ከደሴ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ያ በላስቲክ የታሰረ ናቅፋ ከሆዴ አልወጣ አለ። የጥያቄሽ መልስ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

እኔ ከ1978 እስከ 1990 አሰብ ላይ ትራንዚተር ነበርኩ። ዕቃ ከመርከብ ሲወርድ ወረቀቱን የምጨርሰው እኔ ነበርኩ። ላቤ ዲክላራሲዮኑ ላይ፣ ማለት የጉምሩኩ ቅጽ ላይ፣ እንዳይንጠባጠብ ክንዴ ሥር ፎጣ አነጥፌ ነበር የምጽፈው። የአሰብን ሙቀት የማያውቅ ሰው ይህን ላያምነኝ ይችላል።

መጀመሪያ የጣሊያንን ነገር ትንሽ ላስተካክል። እኩል አልነበረም። ኤርትራ ከ1882 እስከ 1933 ቅኝ ግዛት ሆና ቆየች። እኛ ግን አምስት ዓመት ተወረርን፤ ያንንም አርበኞቻችን እንቅልፍ ነስተውት ነው ያለፈው። አሰብ ራሷን ሩባቲኖ የሚባል የጣሊያን መርከብ ኩባንያ በ1862 ነው ከአካባቢው ሱልጣኖች የገዛት። ኤርትራ ውስጥ ፋብሪካ፣ ወደብና የባቡር ሐዲድ ቀረ። እዚህ ደግሞ እህሉና ገበያው ነበር። ስለዚህ አንዱ ያመርታል፣ ሌላው ይገዛል። መነሻው ይህ ነው።

ሁለታችን የተካፈልነው መንገዱን ነው። ከአንቺ ከተማ ተነስቶ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ፣ በአፋሯ ቡሬ አሰብ የሚገባውን መንገድ የሠራው ጣሊያን ነው። የሾፌሮቹን ቋንቋም ተካፍለናል። የኮምቦልቻውም የአሰቡም ሾፌር ጎማ ሲፈነዳበት ጎሚስታ ይፈልጋል። ፍሪሲዮን ይላል፣ ባሌስትራ ይላል፣ መኪናውን ላቫጆ ያስገባል። ቡሬ ላይ አንድ ተሳቢ ባሌስትራው ተሰብሮ ከሁለቱም ወገን ስምንት ሾፌሮች አብረው ሲያነሱት አይቻለሁ። ማን ከየት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ቅኝ ግዛቱ ሌላም ነገር ትቶልን ሄዷል። በ1892፣ በ1894 እና በ1900 የተፈረሙ የወሰን ውሎችን ማለቴ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ኮሚሽን በ1994 ውሳኔውን ሲሰጥ መሠረት ያደረገው እነዚህኑ ውሎች ነው። መስመሩ የት እንደሚያልፍ ጽፈውልን ሄዱ። በዚያ መስመር ላይ እንዴት እንደምንገበያይ የመጻፉ ሥራ ግን የራሳችን ነበር።

ያንን ነው ያልጻፍነው።

ኤርትራ በ1985 ነፃ አገር ስትሆን የራሷ ገንዘብ አልነበራትም። አስመራም አዲስ አበባም የሚገበያዩት በአንድ ብር ነበር። የአሰብን ወደብ ክፍያ በብር እንከፍል ነበር። ስምምነቶች ተፈርመዋል፣ ወደቡን በነፃነት እንድንጠቀም ተብሏል። የዚያን ጊዜ ሥራ ቀላል ነበር። ኤርትራ ወደ ውጭ ከምትሸጠው ከግማሽ በላዩ ወደ እኛ ነበር የሚመጣው። ግን ሁለቱ ገንዘቦች የሚለያዩበት ቀን ሲመጣ ማን ለማን በምን እንደሚከፍል ቁርጥ ያለ ነገር አልነበረም። ሁሉም ወንድማማች ነን፣ እንግባባለን ይል ነበር። እኔም እል ነበር።

በ1990 መጀመሪያ ላይ ናቅፋ ወጣ። ኢትዮጵያም የብር ኖቷን ቀየረች። የኤርትራ ሐሳብ ናቅፋና ብር እኩል ተደርገው በሁለቱም አገር ይዘዋወሩ የሚል ነበር። ኢትዮጵያ አልተቀበለችውም። ከ2000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በኤልሲ፣ ማለት ባንክ ለሻጩ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት ሰነድ፣ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። አስቢው። ትናንት በብር ጨው ይገዛ የነበረ የደሴ ነጋዴ ዛሬ ዶላር ፈልጎ ኤልሲ ይክፈት ተባለ። አንዱ የጨው ደንበኛዬ ቢሮዬ መጥቶ «ለጨው ዶላር?» አለኝና ወንበሩ ላይ ዝም ብሎ ቁጭ አለ። ሻይ አዘዝኩለት። ሳይጠጣው ሄደ።

በግንቦት ባድመ ላይ ጦርነቱ ተነሳ። የጦርነቱ ምክንያት ገንዘቡ ብቻ ነው አልልሽም። ግን ስድስት ወር ሙሉ በወረቀት ስንጣላ ከርመናል። እኔ አንድ ሻንጣ ይዤ ወጣሁ። ሻንጣው ውስጥ የአንድ የኮምቦልቻ ሰው ዲክላራሲዮን ነበር፤ ሦስት ሳጥን የወፍጮ መለዋወጫ። ቀረጡ ተሰልቷል፣ ማኅተሙ ተመትቷል። የቀረው መጫን ብቻ ነበር። ዕቃው አሰብ ቀረ። ሰውየው ለዓመታት ደውሎልኛል። ኢትዮጵያ በአሰብና በምጽዋ ስለቀረው ንብረት ሄግ ላለው የካሳ ኮሚሽን አቤት ብላ ነበር። ታኅሣሥ 1998 ላይ ጥያቄዋ ውድቅ ሆነ። ያን ዕለት እኔው ደወልኩለት። ወረቀቱ አሁንም እኔ ጋ አለ።

የጨውን ነገር ግን ሳልነግርሽ አላልፍም፤ በርበሬ አዘጋጂ ስለሆንሽ ይገባሻል። ከኤርትራ ይመጣልን የነበረው ጨው አዮዲን የገባበት ነበር። መንገዱ ሲዘጋ አገሩ ፊቱን ወደ አፍዴራ አዞረ። የአፍዴራ ጨው የራሳችን ነው፣ ለአፋር ወገኖቻችንም እንጀራ ሆኗል። ግን ያኔ አዮዲን አልነበረውም። የአዮዲን እጥረት ደግሞ እንቅርት ያመጣል፣ በፅንስ ላይ ያለ ልጅን አእምሮ ይጎዳል። ጨው ሁሉ አዮዲን ይግባበት የሚል ደንብ የወጣው በ2003 ነው። በመካከሉ ስንት ዓመት እንዳለፈ ቁጠሪ። ስለ ንግድና ዲፕሎማሲ ሲወራ የሚታየን ባለ ክራባት ሰው ነው። እኔ የሚታየኝ ወሎ ገጠር ምጣዷ ላይ ያቺን ጨው የምትነሰንስ ነፍሰ ጡር ናት። ባድመ የት እንደሆነ እንኳ አታውቅም።

ወደ 2011 ልምጣ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 አስመራ ላይ የሰላም መግለጫው ሲፈረም አልቅሻለሁ። የመስከረም 1 ዕለት ቡሬና ዛላምበሳ ተከፈቱ። ሰው ተቃቀፈ። ጤፉ፣ ሲሚንቶው፣ የቤት መሥሪያው ሁሉ ወደ ሰሜን ጎረፈ። እኔ ግን የለመድኩትን ፈለግሁ። የጉምሩክ ጠረጴዛው የታለ? ምንዛሪውን የለጠፈው ባንክ የታለ? ብርና ናቅፋ የሚመነዘረው መንገድ ዳር፣ በሰው ግምት ነበር። ወንድምሽ የተያዘው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን ያጠፋው እሱ አይደለም። ገበያው ነበረ፣ ገዢው ነበረ፣ ሒሳቡ የሚዘጋበት ቦታ አልነበረም። በታኅሣሥ ዛላምበሳ መጥበብ ጀመረ፣ ሚያዝያ ሲደርስ መተላለፊያዎቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ በ2013 የጀመረውን ጦርነት፣ የቤተሰብሽን ያህል ሌላ ሰው አይነግርሽም።

ከጅቡቲ ጋር ያለንን ተመልከቺ። አብዛኛው የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ በዚያ ነው የሚያልፈው። ውድ ነው፣ የወደብ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ሁላችንም እናማርራለን። ግን ሾፌሩ የኮሜሳ ቢጫ ካርዱን፣ ድንበር አልፎ የሚሠራውን የመኪና መድን፣ ይዞ ይሄዳል፣ ትራንዚተሩ የትኛው መስኮት ላይ ምን እንደሚያስገባ ያውቃል። ወንድማማችነቱ ቢቀዘቅዝም ኮንቴይነሩ ይመጣል። ከኤርትራ ጋር የተጓደለብን ይህ ነው።

አሁን ስለ አሰብ በጦርነት ቋንቋ የሚያወራው በዝቷል። እኔ ያቺን ከተማ የማውቃት ሰው ስለሆንኩ ሆዴ ይረበሻል። በ12 ዓመት ውስጥ ወደብን ሥራ ሲያሠራ ያየሁት ስምምነት ነው። በግንቦት 1990 ደግሞ ጥይት ወደቡን ባዶ ሲያደርገው አይቻለሁ።

እንግዲህ ምን ልይ ላልሽው። የሚተቃቀፈውን ሕዝብ አይተሽ አትጫኚ። ከባንክሽ ቅርንጫፍ ግቢና «የናቅፋ ምንዛሪ አላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። የለም ካሉሽ አክስቶችሽን ለመጠየቅ ሂጂ፣ በርበሬውን ስጦታ አድርጊው እንጂ ለሽያጭ አትውሰጂ። አለ ካሉሽ ደግሞ ጉምሩክ ለድንበር ንግድ የትኛውን ፎርም እንደሚቀበል፣ እስከ ስንት ኪሎ ያለ ኤልሲ እንደሚያልፍ በጽሑፍ ይስጡሽ። በቃል የተነገረሽን አትመኚው። የመጀመሪያውን ጊዜ ቢጠፋ ከማይጎዳሽ አትለፊ፤ 50 ኪሎ ይበቃል። ዱቤ አትስጪ፣ ለዘመድም ቢሆን።

ለወንድምሽ ናቅፋውን እንዳይጥለው ንገሪው። ባንኩ ምንዛሪውን የለጠፈ ዕለት ደብዳቤ ጻፊልኝ። ዲክላራሲዮኑን አብረን እንሞላዋለን፤ እጄ አልረሳውም።