አንድ የሲ ላይብረሪ፣ ሦስት ዓይነት ማሽን

ጥያቄውን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። እህታችን ጣና ዳር የሐይቁን ከፍታ የሚለካ፣ አርዱዊኖ ኡኖ በተባለ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ የተሠራ መሣሪያ አላት። ንባቡን ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ያለ፣ ራስፕቤሪ ፓይ የተባለ በሊኑክስ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ይቀበላል፤ ሪፖርቱን የሚያወጣው ደግሞ የቢሮ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ነው። ሦስቱ የሚጋሩት፣ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ በየቦታው ተገልብጦ ውሎ አድሮ ሦስት የተለያየ ኮድ ሆኗል። ሦስቱም ወደሚጠሩት አንድ የጋራ ኮድ፣ ማለትም ወደ አንድ ላይብረሪ መመለስ ይቻላል? ወይስ ባልደረባዋ እንደሚላት ሁሉም ፓይተን በተባለው ሌላ ቋንቋ እንደ አዲስ ይጻፍ?

ፓይተኑን ተይው። 2 ኪሎባይት ራም ብቻ ባለው ኡኖ ላይ ምን ሊሠራልሽ ነው? እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ይህን የሚመስል ኮድ ለዓመታት ስንከባከብ ኖሬአለሁ። ያጋጠመኝ ችግር አብዛኛው ጸሐፊው ሳይናገር በልቡ ከያዘው ግምት የመጣ ነው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ኮምፓይለር መውቀስ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

የራስሽን ሐይቅ ውሰጂ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ በሴንቲሜትር 178600 መሆኑ ነው። ኢንት የሚባለው የሲ ሙሉ ቁጥር ዓይነት ኡኖ ላይ 16 ቢት ስለሆነ ከ32767 በላይ አይዝም። ይህን ቁጥር ስታስገቢበት የሚወጣልሽ -18008 ነው፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 180 ሜትር ሰመጠ ማለት ነው። የደናክል ረባዳ እንኳ እዚያ ድረስ አይወርድም! «እንግዲያው ሰፋ ያለውን ዓይነት፣ ሎንግ ላድርገው» ካልሽ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ሎንግ በ64 ቢት ሊኑክስ 64 ቢት ሲሆን በ64 ቢት ዊንዶውስ ግን 32 ቢት ነው። እ.ኤ.አ. የ1999 የሲ ደረጃ ያመጣውን ስትድኢንት የተባለ ሄደር (የመግለጫ ፋይል) አስገቢና ስፋታቸው በስማቸው የተጻፈውን ዓይነቶች ተጠቀሚ። ነጥብ ያለው ቁጥርም ከላይብረሪው ይውጣ። ደብል የሚባለው ሰፊው ባለ ነጥብ ዓይነት ኡኖ ላይ ከጠባቡ ከፍሎት አይበልጥም፤ ስለዚህ ከፍታውን በሙሉ ቁጥር፣ በሚሊሜትር ያዢው።

ሁለተኛው የመረጃ ልውውጡ ነው። በጥያቄሽ ላይ ስትራክቱን (የተለያዩ ዋጋዎችን በአንድ የሚይዘውን ጥቅል) እንዳለ እንደምትልኪው ጽፈሻል። ይህን ዛሬውኑ አቁሚ። አንድ ባይት የጣቢያ ቁጥርና አራት ባይት ከፍታ የያዘ ስትራክት ኡኖ ላይ 5 ባይት ነው፤ ራስፕቤሪውና ዊንዶውሱ ላይ ግን ኮምፓይለሩ በመካከል ክፍተት ስለሚያስገባ 8 ይሆናል። ባይቶቹን አንድ በአንድ፣ ቅደም ተከተላቸውን ራስሽ ወስነሽ የሚጽፍ አንድ ፋንክሽን፣ የሚያነብ ሌላ ፋንክሽን አዘጋጂ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ የላይብረሪው ዋና ጥቅም ግን እዚህ ላይ ነው።

አማርኛው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «ባሕር ዳር» የሚለው የጣቢያ ስም ለዓይን አምስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ ፊደልን በባይት በሚጽፈው ሥርዓት በዩቲኤፍ 8 ግን እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ በድምሩ 16 ባይት ይሆናል። ሲ የጽሑፍን መጨረሻ የሚያውቅባትን መዝጊያ ዜሮ ስትጨምሪ 17። ባለ 16 ባይት ሣጥን ያዘጋጀ ሰው «ጎርጎራ»ን ሲያስገባ ምንም አይታየውም፤ «ባሕር ዳር» ሲመጣ ይፈርስበታል። በዚያ ላይ የእነዚህ ፊደሎች የመጀመሪያ ባይት 225 ነው። ሲ ጽሑፍ የሚይዝበት ባለ አንድ ባይት ዓይነት፣ ቻር፣ በተለመደው የቢሮ ኮምፒውተር ባለ ምልክት (ከዜሮ በታችም የሚቆጥር) ስለሆነ ያ ባይት -31 ሆኖ ይነበባል፤ ራስፕቤሪው ላይ ባለው ሊኑክስ ግን 225 እንደሆነ ይቀራል። ያንን ቁጥር የሠንጠረዥ ማውጫ ካደረግሽው አንዱ ማሽን ላይ በትክክል ይሠራል፤ ሌላው ላይ ከሠንጠረዡ ውጭ ያለ ሚሞሪ ይነካል። ጽሑፍን ምንጊዜም ምልክት አልባ ባይት አድርገሽ መርምሪ። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ቻርን በሁለቱም መንገድ የሚያስተረጉም አማራጭ ስላለው ፈተናሽን ሁለት ጊዜ፣ በሁለቱም አስኪጂ።

ኢፍዴፍን፣ ማለትም ለየማሽኑ የተለየ ኮድ የሚመርጠውን ትእዛዝ፣ የት ላድርገው ላልሽው፣ በየፋንክሽኑ መሀል ሲበተን ኮዱን የሚያነብ ሰው ይጠፋል። ሰዓት፣ ፋይልና ሲሪያል ወደብ ብቻ ናቸው ከማሽን ማሽን የሚለያዩት፤ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ትንሽ ፋይል ጽፈሽ እዚያ ውስጥ ዝጊያቸው። ስሌቱ ያለበት ዋናው ኮድ ስክሪን ላይ አይጻፍ፣ ሰዓት አይጠይቅ፣ ሚሞሪም አይበደር፤ የሚሠራበትን ቦታ ጠሪው ይስጠው። ፋይል ስትከፍቺ በባይነሪ ክፈቺ፤ አለዚያ ዊንዶውስ የመስመር መጨረሻውን ይቀይርብሻል።

የሰዓትን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ጊዜን ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚቆጠር ባለ 32 ቢት፣ ባለ ምልክት የሰከንድ ቁጥር አታስቀምጪ። የሚሞላበት ቀን እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038 ነው፤ በእኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ ልክ በጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ። ያን ጠዋት ማን ቢሮ ገብቶ ሊያስተካክለው ነው?

ሦስቱን ቅጂዎች ስታዋህጂ ከኡኖው ጀምሪ፤ በጠባቡ ማሽን ላይ የሠራው ወደ ሰፊው ብዙም ሳይነካ ይሄዳል፣ ተቃራኒው ግን አይሆንም። የኮድ ለውጥን በሚመዘግበው በጊት አንድ ማከማቻ ይኑረው፤ ሦስቱም ፕሮጀክቶች በስሪት ቁጥር ይውሰዱት እንጂ የወሰዱትን ቅጂ ማንም አይንካ። ይህን የመጨረሻውን ባልደረባሽ እንዲቀበል ማድረግ ከኮዱ ይልቅ ይከብዳል፤ አስቀድመሽ ተነጋገሪበት። ሄደር ፋይልሽን እዚህ ብትለጥፊው ዓይነቶቹን አብረን እናያለን።