በደብዳቤው ውስጥ ያልሰፈረው ስም

ባለፈው ሳምንት ወጣት መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ስለ ሥራና ስለ እምነት እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ንግግሬን እንደጨረስኩ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣችና፣ «ጋሼ፣ በወጣትነትዎ የሕንፃ ጉድለት ያጋለጡበትን ያንን ደብዳቤ ሲጽፉ ሰው ምን ይለኛል ብለው አልፈሩም? ፍርሃቱን እንዴት አሸነፉት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ ስመልሰው የኖርኩትን መልስ መለስኩላት። «ጻድቅ በእምነት ይኖራል» የሚለውን ቃል ጠቀስኩ፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰውን አይፈራም አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ልጅቷ ግን አላጨበጨበችም፤ አንገቷን ደፍታ ያልኩትን በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልጄ፣ የጻፍሽውን ሰርዢው። ፍርሃቱን አላሸነፍኩትም። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ እኩዮችሽም ይስሙት።

የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ሳለሁ በአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ግንባታ ላይ የጥራት ቁጥጥር መሐንዲስ ነበርኩ። የሥራ ተቋራጩን ድርጅት የሚመራው ሰው በእምነት ወንድሜ ነው፤ በአንድ የጸሎት ኅብረት እንቀመጥ ነበር። በሰው ፊት ትከሻዬን ይዞ «ይህ ልጅ የእምነት ሰው ነው» ይል ነበር። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ታኖረኝ እንደነበር ዛሬም ለመናገር ይከብደኛል። ጠዋት ከቤት ስወጣ እርሷን እንደ ካፖርት ደርቤ ነበር የምወጣው።

ፎርማኑ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። ከጆሯቸው ላይ የአናጺ እርሳስ አይለይም። አርማታ ወደ ካሳፎርማው፣ ማለትም ቅርጹን ወደሚይዘው ሳጥን፣ ከመሞላቱ በፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ከንፈራቸው እንኳ አይንቀሳቀስም። አንድ ቀን በዚያች ደቂቃ ምን እንደሚሉ ብጠይቃቸው፣ «ካሳፎርማው ሳይዘጋ ውስጡን ለሚያየው አሳየዋለሁ» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም። ስለ እምነታቸው ከዚህ በላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ በእኛ የጸሎት ኅብረት ውስጥም አልነበሩም።

ካሳፎርማው ሲነቀል ደግሞ ኮለኑን፣ ማለትም ምሰሶውን፣ ከእግሩ ጀምረው ወደ ላይ በመዶሻ ቀስ እያሉ ይቆረቁሩታል፤ ጆሯቸውን አስጠግተው። በደንብ የሞላ አርማታ የጠራ፣ ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ ባዶ ያለበት ቦታ ግን ድምፁ ይታፈናል። ዩኒቨርሲቲ ሳልማረው የቀረሁትን ይህን ትምህርት በአንድ ከሰዓት በኋላ መዶሻቸውን አስይዘው አስተማሩኝ። እስከ ዛሬ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ስገባ ሳላስበው ጣቴ ግድግዳ ይቆረቁራል።

የሁለተኛው ፎቅ ኮለኖች በሚሞሉበት ቀን አርማታውን እየነዘረ የሚያወርደው ቫይብሬተር ተበላሸ። ምትክ አልነበረም፤ ሚክሰሩ ግን መዞሩን አላቆመም። ሠራተኞቹ ረጅም ፌሮ ይዘው እየወጉ ሊያወርዱት ሞከሩ። አርማታ ሲታይ ፈሳሽ ስለሚመስል በራሱ ወርዶ ጥጉን ሁሉ የሚሞላ ይመስላል፤ አይሞላም። ካልተነዘረ በውስጡ አየር ይቀራል። ከመቶ እጅ አንዱ አየር ሆኖ ሲቀር ጥንካሬው ከመቶ አምስት እጅ ያህል እንደሚቀንስ የሙያው ሰዎች ሁሉ እናውቃለን።

ካሳፎርማው ሲነሳ የማዕዘኑ ኮለን እግር ላይ፣ ከክንዴ በሚረዝም ቦታ፣ ሲሚንቶው ሸሽቶ ጠጠሩ ብቻውን ቀርቷል። በጠጠሮቹ መካከል ፌሮው ይታያል። ፎርማኑ ተንበረከኩና ሌባ ጣታቸውን ወደ ክፍተቱ ሰደዱ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ገባ። አወጡትና ምንም ሳይናገሩ አቧራ የለበሰውን ጣታቸውን አሳዩኝ።

ማምሻውን ተሰበሰብን። የአሠሪው፣ ማለትም ሕንፃውን የሚያሠራው ባለቤት፣ ተወካዮች በማግስቱ ሥራውን ሊያዩ ይመጣሉ። መሪያችን «በልስን እንሸፍነው፤ የኩብ ናሙናው ውጤት ጥሩ ነው» አለ። የኩብ ናሙና ማለት ከዚያው ድብልቅ ተወስዶ በብረት ሳጥን ለብቻው የሚሞላ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በላቦራቶሪ የሚጨመቅ ነው። ስለ ድብልቁ ይመሰክራል እንጂ ኮለኑ ውስጥ ምን እንደገባ አይመሰክርም። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህንን የማያውቅ አልነበረም። ፎርማኑ ቆመው፣ «የተበላሸው ይፈንቀልና እንደገና ይሞላ» አሉ። መሪው አልመለሰላቸውም። ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የእምነት ሰው ነህ። እምነትህ ምን ይልሃል?»

«የሚያሰጋ አይደለም» አልኩ።

ፎርማኑ አልተቆጡም። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ጥቂት ተመለከቱትና መልሰው ሰኩት። ከአሥር ቀን በኋላ «ሥራ ያጓትታሉ» ተብለው ተሰናበቱ። መሣሪያቸውን በከረጢት ይዘው ወደ በሩ ሲሄዱ ከሁለተኛው ፎቅ ሆኜ አየኋቸው። ወርጄ ልደርስባቸው እችል ነበር። ምን ብዬ እንደምጠራቸውም በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። መሪው አጠገቤ ቆሞ ስለነበር አልወረድኩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በሦስተኛው ሳምንት ለአሠሪው ተወካይ ደብዳቤ ጻፍኩ። ልስኑ ተነሳ፤ ከላይ ያለው ጭነት ተደግፎ የተበላሸው አርማታ ተፈነቀለና ኮለኑ ተጠገነ። እኔም ከድርጅቱ ወጣሁ። ሌላ ድርጅት «እውነተኛ መሐንዲስ» ብሎ ቀጠረኝ፤ ታሪኩ እየዞረ ስም ሆነልኝ። ልጅቷ የጠየቀችኝ ስለዚህ ደብዳቤ ነው።

በደብዳቤው ላይ የሰፈረው ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ «በተደረገ ተጨማሪ ምርመራ በኮለኑ እግር ላይ ጉድለት ተገኝቷል።» ተጨማሪ ምርመራ አልተደረገም። ምርመራው የመጀመሪያው ቀን ላይ የእኚያ ሰው ጣት ነበር። ስማቸውን አልጻፍኩም፤ ብጽፈው እርሳቸው መናገራቸውን ብቻ ሳይሆን እኔ መካዴንም መጻፍ ነበረብኝ። ስለዚህ እውነቱን ለራሴ በሚስማማ ልክ ቆርጬ ሰፋሁት። ከዓመታት በኋላ ላገኛቸው ስጠያይቅ ማረፋቸውን ነገሩኝ።

የንጉሥ ሳኦልን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የተረዳሁት ግን በእርጅናዬ ነው። በመጀመሪያው ሳሙኤል 15ኛ ምዕራፍ ሳኦል የታዘዘውን ሳይፈጽም ቀርቶ ነቢዩ ሲገሥጸው፣ ሕዝቡን ፈርቼ ቃላቸውን ሰማሁ ብሎ ይናዘዛል። ብዙ ሰባኪዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ጥቂት ቁጥር ዝቅ ብላችሁ ብታነቡ ግን፣ በድያለሁ ካለ በኋላ ሳሙኤልን ምን ብሎ እንደሚለምነው ታገኛላችሁ፤ በሕዝቤ ሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ ይለዋል። በደሉን እየተናዘዘ፣ በዚያው አፍ ክብሩ በሰው ፊት እንዳይጎድል ይማጸናል። ይህንን ባነበብኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል። የእኔ ደብዳቤም ንስሐና ልመና በአንድ ወረቀት ላይ ነበር።

ሥነ ልቦና የሚያጠኑ ሰዎችም ይህንን ድካም በራሳቸው መንገድ አይተውታል። ሰሎሞን አሽ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጥናት ሰዎች የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ ይጠይቅ ነበር። መልሱ ለማንም ግልጽ ነው። ሆኖም ከተሳታፊው በቀር ሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ በተነገራቸው መሠረት የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ከአራት ተሳታፊዎች ሦስቱ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከብዙኃኑ ጋር ተስማምተዋል። አንድ ሰው ብቻ እውነቱን አብሮ ሲናገር ግን መንበርከኩ እጅግ ቀነሰ። እኔን የሚያመኝ ይህ የመጨረሻው ነው። በዚያ ምሽት ፎርማኑ ቀድመው ተናግረውልኛል፤ አንድ አጋር ነበረኝ። አጋር ያጡት እርሳቸው ናቸው።

እናንተ የዛሬ ልጆች በአንድ ነገር ታሳዝኑኛላችሁ። እኛ የምንፈራው የምናውቀውን ሰው ነበር፤ መሪያችንን፣ ጎረቤታችንን፣ የኅብረታችንን ሽማግሌዎች። እናንተ የምትፈሩት የማታውቁትን ነው። አንድ ልጅ ተንበርክኮ ሲጸልይ ያነሳውን ፎቶ በስልኩ ለጥፎ ስንት ሰው እንደወደደለት በየደቂቃው ሲያይ ተመልክቻለሁ። ጌታ በተራራው ስብከት፣ ስትጸልይ ወደ እልፍኝህ ግባ፣ ደጅህንም ዝጋ ያለው ስለዚህ ነው። እናቴ ስትጸልይ በሯን ትዘጋ ነበር። ልጅ ሳለሁ በቁልፉ ቀዳዳ አጮልቄ ለማየት ሞክሬ፣ ከውስጥ በጨርቅ ወትፋው አገኘሁት። ለምን እንደወተፈችው ያኔ አልገባኝም።

በሌላ በኩል ደግሞ ትበልጡናላችሁ። ተሳስቻለሁ ለማለት የእኛን ያህል ዘመን አትፈጁም። ያቺ ልጅ ሰው በሞላበት አዳራሽ ፍርሃቷን በግልጽ ተናግራ ጠየቀችኝ፤ እኔ በእርሷ ዕድሜ አልደፍረውም ነበር።

የሰውን ምስጋና አትፈልጉ እላችኋለሁ። ነገር ግን ሰውን አትስሙ ለማለት አይደለም፤ ይህን ስል ራሴን የምቃረን ከመሰላችሁም ልክ ናችሁ፣ አስማምቼ አልጨረስኩትም። በዚያ ምሽት እግዚአብሔር ምን ይላል ብዬ ብጠይቅ ኖሮ መልሱን ያመጣልኝ የነበረው ሰው ነው፤ ጣቱ አቧራ የለበሰ ሰው። ያሞገሰኝም ሰው ነው። ሁለቱን መለየት የምትችሉበት ደንብ የለኝም። በእኔ ሕይወት ያየሁት፣ ትክክል የነበሩት ሰዎች ሲናገሩኝ ፊቴን የሚያጠቁሩ፣ የተሳሳቱት ደግሞ ደረቴን የሚያስነፉ እንደነበሩ ነው። ይህም ሁልጊዜ አይሠራም።

እውነት መናገር ያሸንፋል የሚል ተስፋም አልሰጣችሁም። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1986 ምሽት ሮጀር ቦይስጆሊ የተባለው መሐንዲስና ባልደረቦቹ ቅዝቃዜው የሮኬቱን የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶች ያዳክማልና ቻሌንጀር መንኮራኩር አትነሳ ብለው ተከራከሩ። አልተሰሙም። በማግስቱ ከተነሳች 73 ሰከንድ በኋላ ተሰባበረች፤ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። ቦይስጆሊ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ግን ማንንም አላዳነም፣ ከገዛ ባልደረቦቹም መገለልን አተረፈለት። ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ በናቡከደነፆር ፊት የተናገሩትን ሳነብ የምቆመው «ያድነናል» ያሉት ላይ አይደለም። ባያድነንም እንኳ አንሰግድም ያሉት ላይ ነው። እሳቱ እንደማያቃጥላቸው ገና አላወቁም ነበር። ፎርማኑም ሲቆሙ እንጀራቸው እንደሚቋረጥ ሳይገምቱ አልቀሩም፤ ተናግረውም አልተመሰገኑም፤ የሚያይላቸው አንድ ስለነበረ ብቻ ተናገሩ። እኔ ከብዙ ሰው ጋር በጸሎት ስቀመጥ የኖርኩትን እርሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው በቆሙባት አንዲት ደቂቃ ውስጥ ያውቁት ነበር።

ለአዳራሹ አዘጋጆች ደውዬ በሚቀጥለው ስብሰባ መክፈቻ ላይ አሥር ደቂቃ እንዲሰጡኝ ለምኛለሁ፤ ፈቅደውልኛል። የማነበውን ትናንት ማታ ጻፍኩና ለባለቤቴ አነበብኩላት። በትዳር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረናል፤ የደብዳቤውንም ታሪክ ከእኔ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምታለች፣ ለልጆቻችንም ተርካዋለች። አንብቤ ስጨርስ መነጽሯን አወለቀች። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ስማቸው ማን ነበር?» አለችኝ።

ነገርኳት። ስሙን በቤታችን ውስጥ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር።