«ማስነሻ ዲስክ» ወይስ «ተነሺ ዲስክ»?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ዊንዶውስ አልከፍት ያለ ኮምፒውተር በዲስክ (በሲዲ ወይም በዲቪዲ) እንዴት እንደሚነሣ ለተማሪዎቼ የአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ከባልደረቦቼ አንዱ «ተነሺ ዲስክ»፣ ሌላው «ማስጀመሪያ ዲስክ»፣ ሦስተኛው «ቡት የሚያደርግ ዲስክ» ይላሉ። የትኛው ይሻላል? ዲስኩንስ «አቃጥሉ» ልበላቸው?

መልስ፦ «ማስነሻ ዲስክ» ይበሉ። ሾፌሩ «መኪናው አልነሣ አለኝ» እንደሚለው ሁሉ፣ ኮምፒውተሩ የተበላሸበትም ሰው «ይበራል፣ ግን አይነሣም» ይላል። ይህ አነጋገር ትክክለኛ ልዩነት ይዟል። ቁልፉ ሲነካ ኤሌክትሪክ ይገባል፣ ማራገቢያው ይዞራል፤ ኮምፒውተሩ ተነሣ የሚባለው ግን ባዮስ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ መጀመሪያ የሚሠራው አነስተኛ ፕሮግራም፣ የሥርዓቱን የመጀመሪያ ፕሮግራም ከዲስኩ አግኝቶ ሥራውን ሲያስረክበው ነው።

«ተነሺ» አይሆንም። የሚነሣው ኮምፒውተሩ ነው፤ ዲስኩ አስነሺ ነው። ከዚህም በላይ የአዲስ አበባ ልጅ «ተነሺ» ሲባል የሚታሰበው የልማት ተነሺ፣ ከቀዬው የተነሣ ሰው ነው። «ሊነሣ የሚችል ዲስክ» የሚለውም ያው ጉድለት አለበት። አማርኛ የመሣሪያ ስም የሚያወጣበት የራሱ መንገድ አለው፦ ከመክፈት መክፈቻ፣ ከመቁረጥ መቁረጫ፣ ከማስነሣት ማስነሻ። «ማስጀመሪያ» ስሕተት ባይሆንም ለማንኛውም ፕሮግራም ስለሚውል ይሰፋል። «ቡት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል (ማስነሣት ማለት ነው) ተማሪው ስክሪኑ ላይ ስለሚያገኘው አንድ ጊዜ ይጥቀሱለት።

እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ማስነሻና መጫኛ መቀላቀላቸው ነው። ሜምቴስት የተባለው ዲስክ ኮምፒውተሩን አስነሥቶ ሜሞሪውን ይመረምራል፤ የሚጭነው ነገር የለም። ኡቡንቱ የተባለው፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሥርዓት፣ ዲስኩ ሳይጫን ይሞከራል፣ ከተፈለገም ይጫናል። ሁሉን «መጫኛ» ብለው የጻፉለት ተማሪ ፋይሎቹን ለማዳን በከፈተው ዲስክ ሃርድ ዲስኩን ሊያጠፋ ይችላል። «ፎርማት አስደረግሁት» የሚለው የተለመደ አባባልም ይህን አደጋ ይሸፍናል፤ ሰው ዊንዶውስ እንደገና መጫኑን እያሰበ ይናገረዋል እንጂ ፎርማት ማድረግ መደምሰስ ነው። በመመሪያዎ «ይደመሰሳል» ብለው በግልጽ ይጻፉ።

«መጫን» ሌላም ጣጣ አለው። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ቁልፍ መጫንና ፕሮግራም መጫን አንድ ሆነው ይታያሉ። በትእዛዝ አንቀጽ ሲጻፉ ግን ይለያያሉ፦ «ቁልፉን ተጫኑ»፣ «ፕሮግራሙን ጫኑ»። ስለዚህ መመሪያውን በትእዛዝ አንቀጽ ይጻፉት።

«አቃጥሉ» የሚለውን ይተዉት። የዲስክ መጻፊያው ጨረር የዲስኩን የቀለም ንጣፍ በሙቀት መለወጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን በእኛ ዘንድ አምፖል ተቃጠለ፣ ሞተር ተቃጠለ ማለት አለቀለት ማለት ነው። «ጻፉ» ይበቃል። «ገልብጡ» ደግሞ የባሰ ያሳስታል። የማስነሻ ዲስክ ሙሉ ቅጂ የሆነውን የአይኤስኦ ፋይል እንደ ተራ ሰነድ የገለበጠ ተማሪ አንድ ፋይል የተቀመጠበት ዲስክ ይኖረዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሣበትም። ፎኒክስና አይቢኤም የተባሉት የኮምፒውተር ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት ኤል ቶሪቶ የተባለ ደንብ የማስነሻው መረጃ በዲስኩ ላይ በታወቀ ቦታ እንዲቀመጥ ያዛል። የአይኤስኦ ፋይል የአንድ ዲስክ ሙሉ ቅጂ ስለሆነ፣ ይህ መረጃ ቦታውን የሚይዘው ቅጂው እንዳለ ሲጻፍ ነው። ይህን ቅጂ «የዲስክ ምስል» ብለውም አይተርጉሙት፤ ተማሪው ፎቶግራፍ ይፈልጋል።

ስለ ፊደሉም ካነሣን፣ ግሡ ከግእዙ «ተንሥአ» ስለመጣ «ማስነሣት» በንጉሡ ሠ ይጻፋል፤ «ማስነሻ» ላይ ግን ድምፁ ወደ ሻ ስለተለወጠ ምርጫ የለም። እንግዲህ እንዲህ ቢጽፉት ይመስለኛል፦ «የአይኤስኦውን ፋይል በባዶ ዲስክ ላይ ጻፉ፤ ዲስኩን አስገቡ፤ በባዮስ የማስነሻ ቅደም ተከተል ላይ ዲስኩን አስቀድሙ፤ ኮምፒውተሩን ከዲስኩ አስነሡ።»