ስቶክሆልምን በባቡርና በጀልባ ከአስጎብኚ ጋር መጎብኘት፦ ወላጆቿን ለምትጠብቀው እህታችን

እህታችን የጠየቀችው ይህንን ነው። እናትና አባቷ በነሐሴ ከአዲስ አበባ ወደ ስቶክሆልም ይመጣሉ። እናቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አባቷ ደግሞ ሁሉን ካላየሁ የሚሉ ሰው ናቸው። ባለ ሁለት ፎቅ የቱሪስት አውቶቡስ ላይ ታሳፍራቸው ወይስ በባቡር፣ በትራምና በጀልባ እያዘዋወረ የሚያሳይ አስጎብኚ ትያዝላቸው? የምድር ውስጥ ባቡሩስ ለአረጋውያን አይከብድም ወይ?

እዚህ ከተማ መኖር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ የራሴን ወላጆችም የባለቤቴን እናትም በሁለቱም መንገድ አስጎብኝቻለሁ። የእኔ ምክር በሕዝብ ትራንስፖርት የሚደረገውን ጉብኝት እንድትመርጪ ነው። አውቶቡሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ዝናብ ከጣለም ይጠቅማል። ነገር ግን ስቶክሆልም በ14 ደሴቶች ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከምትኮራባቸው ነገሮች አንዱ መሬት ውስጥ ነው ያለው፣ ሌላው ውኃ ላይ። ከአስፋልት ሆኖ የሚያያት ሰው ግማሿን ሳያይ ይመለሳል።

በመጀመሪያ ስለ ባቡሩ ልንገርሽ፤ እውነተኛው ሀብት ያለው እዚያ ነውና። ቱነልባና የምንለው የምድር ውስጥ ባቡር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ 100 ጣቢያዎች አሉት። ከ90 በሚበልጡት ውስጥ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ ወይም ሞዛይክ ታገኛላችሁ። በ1950ዎቹ ጥበብ ወደ ጣቢያዎቹ እንዲገባ አጥብቀው ከተሟገቱት መካከል ሲሪ ደርኬርትና ቬራ ኒልሶን የተባሉ ሁለት ሴት ሠዓሊያን ይገኙበታል። ወደ ሥራ የሚሮጠው ሰው ሁሉ የሚያየው ሥዕል ባለጠጋ ሳሎኑ ውስጥ ከሚሰቅለው አያንስም የሚለው እምነት ልቤን ይነካዋል። ደርኬርት ራሷ ስለ ሴቶች መብትና ስለ ሰላም በኮንክሪት ላይ የቀረጸችው ሥራ በ1965 በተከፈተው ኦስተርማልምስቶሪ ጣቢያ ዛሬም አለ።

ታዲያ ቲኬት ቆርጠን ራሳችን ብናየውስ ትዪ ይሆናል። ይቻላል። ነገር ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቴ-ሴንትራለን፣ ማለትም ሁሉም መስመሮች የሚገናኙበት ዋናው ጣቢያ፣ የሰማያዊው መስመር ወለል ላይ ስትወርዱ ጣሪያውና ዓምዶቹ በሰማያዊ ሐረግና ቅጠል ተሸፍነው ታያላችሁ። ፔር ኦሎፍ ኡልትቬት በ1975 የሠራው ነው። በየቀኑ የሚያልፈው ሰው ቀና ብሎም አያይም። አስጎብኚያችን ግን ወላጆቼን ወደ አንደኛው ጥግ ወስዳ በሰማያዊ ቀለም የተሳሉ የሰው ጥላዎች አሳየቻቸው፤ መሰላል ላይ የቆሙ፣ መሣሪያ የያዙ፣ ጎንበስ ብለው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ጣቢያውን የሠሩት ሠራተኞች ናቸው አለቻቸው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በግንበኝነት የኖረ ሰው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ እያንዳንዱን ጥላ እየዞረ ተመለከተ፤ ሁለት ባቡር እስኪያልፈን ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። ይህን ያህል ዓመት ሳመላለስ እኔም አስተውዬው የማላውቀው ነገር ነበር።

መንገዱን እንዲህ ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከቴ-ሴንትራለን ተነሡ፤ ከዚያ በፊት የሥራ ሰዓት ግፊያ አለ። በሰማያዊው መስመር አንድ ፌርማታ ብቻ ሄዳችሁ ኩንግስትሬድጎርደን ውረዱ። ከ30 ሜትር በላይ ከመሬት በታች ያለ ጣቢያ ነው፤ ኡልሪክ ሳሙኤልሶን በ1977 ከአለቱ ጋር አዋህዶ እንደ ተቀበረ የቤተ መንግሥት አትክልት ቦታ አድርጎታል። በአካባቢው ቆሞ በ1825 በእሳት የጠፋውን ማካሌስ የተባለ ቤተ መንግሥት የሚያስታውሱ ሐውልቶች በየጥጉ ቆመዋል፤ በአለቱ ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ነሐሴ ቢሆንም እዚያ ታች ቀዝቀዝ ይላልና ለእናትሽ ነጠላ ወይም ሹራብ ያዥላቸው።

ከዚያ በዚያው መስመር ተመልሳችሁ በ11 ቁጥር ባቡር ሶልና ሴንትረም ድረስ ሂዱ። ከጣቢያዎቹ ሁሉ አንዱን ምረጥ ብትዪኝ የምመርጠው ይህንን ነው። ጣሪያው በሙሉ እንደ ምሽት ሰማይ ቀይ ነው፤ ከሥሩ በግድግዳው ርዝመት ሁሉ አረንጓዴ የጥድ ደን ተዘርግቷል። አንደሽ ኦበሪና ካርል-ኡሎቭ ብየርክ በ1975 የሳሉት ነው። ለፎቶ ብቻ የሚመጣ ሰው ቀዩን አይቶ ይሄዳል። አስጎብኚ ያለው ሰው ግን በደኑ መካከል የተሳሉትን ትንንሽ ታሪኮች ያያል፤ ደን ሲመነጠር፣ ገጠሩ ሰው አልባ ሲሆን፣ ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስ። በ1970ዎቹ ስዊድን ውስጥ ያስጨንቅ የነበረው ጉዳይ ይህ ነበር። ከገጠር ወጥቶ ከተማ የገባ የእኛ ሰው ይህን ሥዕል ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የባለቤቴ እናት ከጎጃም ናቸው፤ «እነሱም እንደኛ ነበሩ ማለት ነው» ብለው ረጅም ጊዜ ሲያወሩልን ዋሉ።

ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቬስትራ ስኩገን ላይ ወደ 10 ቁጥር ተሻገሩ። መስመሩ ለሁለት የሚከፈለው እዚያ ነው። አባትሽ ታሪክ የሚወዱ ከሆነ ሪስነ ላይ አውርጂያቸው፤ ግድግዳው ከጥንት ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ የዓለምን ታሪክ በካርታና በጽሑፍ ይዘረዝራል። ቀጥሎ ሪንከቢ፣ ከዚያም ቴንስታ። የከተማው አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ እነዚህን ሰፈሮች ይዘላሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ከአፍሪካ ቀንድ የመጣን ሰዎች በብዛት የምንኖርባቸው ሰፈሮች ናቸው፤ ቴንስታን የሳለችው ሄልጋ ሄንሸንም በ1975 ሥራውን ለመጤዎች ያበረከተችው ክብር አድርጋዋለች። ግድግዳው ላይ አበባ፣ ቅጠልና እንስሳት አሉ፤ ወንድማማችነት የሚለው ቃል በብዙ ቋንቋዎች ተጽፎበታል። ወላጆችሽ ልጃቸው የምትኖርበትን አገር ሲጎበኙ ይህንን ሳያዩ ባይመለሱ እመኛለሁ። አስጎብኚውን ስትይዢ ቴንስታን እንዲጨምር በግልጽ ጠይቂው።

ምሳውም እዚያው አካባቢ ይሻላል። ወላጆችሽ የሚመጡት በነሐሴ መጀመሪያ ከሆነ የፍልሰታ ጾም ላይ ናቸው፤ ለጾመኛ ደግሞ ፋላፌል ሁነኛ ምሳ ነው፤ ሽንብራ ነው፣ በየቦታውም አለ። ነጩን ስጎ ግን አታስጨምሪላቸው፤ ብዙ ጊዜ እርጎ አለበት። ጾም የሚፈታበትን ሰዓት የሚጠብቁ ከሆነ አስጎብኚውን አስቀድመሽ ብትነግሪው የምሳውን እረፍት ያንኑ አስልቶ ያመቻቸዋል።

በሌላው ቀን ደግሞ ውኃውን አሳዪአቸው። ከስሉሰን ወደ ዩርጎርደን ደሴት የምትሄደው 82 ቁጥር ጀልባ የሕዝብ ትራንስፖርት ናት፤ ያው የባቡሩ ቲኬት ይሠራል። ይህን ብዙ ቱሪስት አያውቀውም፤ ለብቻው ለመርከብ ሽርሽር ይከፍላል። መንገዱ አጭር ነው፤ ነገር ግን የአሮጌው ከተማ የጋምላ ስታን ቤቶች፣ ቤተ መንግሥቱና የደሴቶቹ ዳርቻ ሁሉ ከፊታችሁ ይዘረጋሉ። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከዚህ የተሻለ ጉብኝት አላውቅም፤ ቁጭ ብለው ከተማው በፊታቸው ያልፋል። ስትወርዱ የቫሳ ሙዚየም ቅርብ ነው። ቫሳ በ1628 ገና የመጀመሪያ ጉዞዋን እንደጀመረች ከወደቡ ሳትርቅ የሰጠመች የጦር መርከብ ናት፤ 333 ዓመት ከውኃ በታች ቆይታ በ1961 ሙሉ አካሏ ወጣ። ታሪኳን አስጎብኚው ይነግራችኋል፤ እኔ የምለው ውስጡ ጨለምለም ያለና ቀዝቃዛ መሆኑን ብቻ ነው። መመለሻው 7 ቁጥር ትራም ነው፤ በቀጥታ ቴ-ሴንትራለን ያደርሳችኋል።

ስለ ጉልበት የጠየቅሽው አሳሳቢ ነው፤ በቁም ነገር ልመልስልሽ። ጣቢያዎቹ ሁሉ አሳንሰር አላቸው። ችግሩ አንዳንዱ አሳንሰር ለጥገና ተዘግቶ ይገኛል፤ ያ ደግሞ በትራንስፖርቱ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ይነገራልና ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ተመልከቺ። ተንቀሳቃሽ ደረጃዎቹ ረጃጅሞች ናቸው፤ ሲወርዱ የሚደነግጡ ሰዎች አሉ። እናትሽ የሚሰጉ ከሆነ በአሳንሰሩ ይሂዱ። በደረጃው ከሄዱ ግን በስተቀኝ ይቁሙ፤ ግራው ለሚቸኩል ሰው የተተወ ነው።

የቡድኑ ብዛት ከዋጋው ይበልጥ ያስጨንቀኛል። አንድ ጊዜ እናቴን ይዤ የገባሁበት ጉብኝት ሰዉ ከመጠን በላይ ነበር፤ አስጎብኚው ባንዲራ ይዞ ከፊት ይሮጣል፤ እኛ ከኋላ ስንደርስ ማብራሪያው አልቆ ይጠብቀናል። እናቴ ያን ቀን ያየችው የሰው ጀርባ ነበር። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት በቡድኑ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ በየጣቢያው ስንት ደቂቃ እንደሚቆሙ፣ መቀመጫ የሚገኝባቸውን ቦታዎች አስጎብኚው ያውቅ እንደሆነ ጠይቂ። የትራንስፖርት ቲኬቱ በክፍያው ውስጥ ይካተት እንደሆነም ማወቅ አለብሽ፤ ብዙ ጊዜ አይካተትም። ገንዘብ መቆጠብ ከፈለግሽ ደግሞ የትራንስፖርቱ ድርጅት ኤስ ኤል ራሱ የጣቢያ ጥበብ ጉብኝት ያዘጋጃል፤ በበጋ በእንግሊዝኛም አለ፤ የጉዞ ቲኬት ካለሽ ሌላ ክፍያ የለውም። ቀንና ሰዓቱን ድረ ገጻቸው ላይ አረጋግጪ። አንቺ አጠገባቸው ሆነሽ ወደ አማርኛ እየመለስሽ ብትነግሪያቸው ከማንኛውም ውድ ጉብኝት አያንስም።

ቲኬትን በተመለከተ፦ ነጠላው ቲኬት 75 ደቂቃ ይሠራል። እኔ በነገርኩሽ መንገድ ቀኑን ሙሉ ከሄዳችሁ የ24 ሰዓቱ ይበጃችኋል፤ ሁለት ሳምንት የሚቆዩ ከሆነ ደግሞ የ7 ቀኑን ሁለቴ ብትገዢ ወላጆችሽ ብቻቸውንም መውጣት ይለምዳሉ። ለአረጋውያን ቅናሽ አለ፤ በባንክ ካርድ በር ላይ ብታስነኩ ግን ቅናሹን አታገኙም፤ አንድ ካርድም ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚከፍለው። ለሁለቱም አስቀድመሽ ግዢላቸው። ጥሬ ገንዘብ እዚህ ብዙም አይሠራም፤ ይህንን አባትሽ ብር ዘርዝረው ከመምጣታቸው በፊት ንገሪያቸው።

አባትሽ ሩጫ የሚወዱ ከሆነ ሁለት ቦታ ጨምሪላቸው። አንደኛው በቀዩ መስመር ያለው ስታዲዮን ጣቢያ ነው፤ ጣሪያው ላይ ቀስተ ደመና ተስሎበታል፤ ከላይ ደግሞ የ1912 ኦሊምፒክ የተካሄደበት የጡብ ስታዲየም አለ፤ በዳይመንድ ሊግ የእኛ ልጆች የሚሮጡበት ነው። ሁለተኛው በአረንጓዴው መስመር 19 ቁጥር የሚገኘው ግሎበን ነው። ያ ትልቅ ነጭ ክብ አዳራሽ ገንዘቤ ዲባባ በ2014 የ3000 ሜትር፣ በ2015 የ5000 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችበት ነው። አሁን ስሙ ተለውጦ አቪቺ አሬና ይባላል። የከተማው አስጎብኚዎች ይህንን አይነግሯችሁምና አንቺ ንገሪያቸው። የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ማየት ከፈለጉም መግባት የሚቻለው ከማዘጋጃ ቤቱ አስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፤ የኖቤል እራት የሚበላው እዚያ ነው። የሰላም ሽልማቱ የሚሰጠው ግን በኦስሎ ነው፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል።

ሁሉንም በአንድ ቀን አታድርጉት። አንዱን ቀን ለጣቢያዎቹ፣ ሌላውን ለውኃውና ለቫሳ ስጡ፤ በነሐሴ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ብርሃን ነውና የሚያጣድፋችሁ የለም። የሚመጡበትን ቀን ስታውቂ ጻፊልኝ፤ አሳንሰሩ በየጣቢያው በየትኛው መውጫ በኩል እንደሆነ ዘርዝሬ እልክልሻለሁ።